ጉርሻ የከለከሉት ሲስተር ራቢዓ

ሲስተር ራቢዓ ወደዚህ ሆስፒታል የመጡ ዕለት ጥበቃችን ፈንታው አላስገባቸውም። የያዙት ማዳበሪያ ውስጥ ኳስ፣ ገመድና አሸዋ የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ነበሩ። «እማማ፣ አስታማሚ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው» አላቸው። ቁጭ ብለው ጠበቁ። በማግስቱ አስታማሚዎችን ከክፍል የሚያስወጡት እሳቸው ሆኑ። ፈንታው እስካሁን በሩን የሚከፍትላቸው ቆሞ ነው።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ «አልችልም» ላላቸው ሰው «እሺ፣ እንዳልቻልክ አሳየኝ» ይላሉ። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ዓይናቸው የሰው አረማመድ ላይ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን አዲስ ጫማ ጠቦት ቢያነክስ አልጋ ላይ አስተኝተው መርምረውታል።

እኔን ታረቀኝን የምታውቁኝ በአምቡላንስ ሹፌርነት ነው። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ሮቢት ከተማ ሻይ እየጠጣሁ፣ ብርጭቆው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አብሮኝ የነበረው አላምረው «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ይታሽለትና ይተኛ» አለ። ደግነቱ ለሲስተር ደወለ።

«ፈገግ በል በለው» አሉት።

«ኧረ ሲስተር፣ የታመመ ሰው ምን ያስቀዋል?»

«በለው!»

አፌ በአንድ ጎኑ ብቻ ሳቀ።

«ስትሮክ ነው። አሁኑኑ ይዘኸው ና!»

አምቡላንሱ እዚሁ ቆቦ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ሮቢት ወድቋል። በባጃጅ ደረስኩ።

ሐኪሞቹ ነፍሴን አተረፉ፤ ቀኝ ጎኔ ግን አልታዘዝ አለ። ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። የእኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ያጎርሳል። እኔ ወፈርኩ፣ እጄ ተኝቶ ቀረ። ሲስተር በር ላይ ቆመው «ጉርሻ ክልክል ነው» አሉ።

አክስቴ «ልጄን በረሃብ ልትፈጂው ነው ወይ?» ብላ ጮኸች።

«እናቴ፣ እጁን እየገደላችሁት እኮ ነው። ራሱ ይብላ።»

ያን ቀን ሽሮው አገጬ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ አንሶላው ላይ ደረሰ። ጥቂቱ አፌ ገባ።

ሲስተር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። በሕመም ጡረታ ልሰናበት ወረቀቴ ተጀምሮ ነበር። ታናሿ ልጄ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር። እርስዎ አለቆቹ ዘንድ ገብተው «ሰውዬው ገና እየዳነ ነው፤ ጠብቁት» አሉ። ጠበቁኝ። ስነጫነጭብዎት፣ ተስፋ ቆርጬ ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳዞር፣ አልተቀየሙኝም። እግሬ ዛሬም ይጎተታል፤ መሪ አልያዝኩም። ስምሪት ክፍል ተቀምጬ አምቡላንሶቹን የምልከው ግን እኔ ነኝ፤ ስልኩን የሚያነሳውም ይሄው ቀኝ እጄ ነው። የሰው አፍ ተጣመመ ሲባል «ምች ነው» የሚለኝን አልሰማም፤ መኪናው ይወጣል። አመሰግንዎታለሁ። ልጆቼም ያመሰግኑዎታል።

ወዳጆቼ፣ ለስላሳችሁን አንሱ። ሲስተር፣ አላህ ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ፤ የልጅ ልጆችዎ ይጡሩዎት። እርስዎ ዛሬ በዕድሜዎ ጡረታ ወጡ። እኔም፣ ፈጣሪ ከፈቀደ፣ በዕድሜዬ እወጣለሁ። አሚን በሉና ጠጡ።