የመስቀሉ እግር

ከገደሮ በር ቁልቁለት ሥር፣ ለከተማው ውሃ የሚወስደው የብረት ቱቦ በተቀበረበት መስመር ላይ፣ ረፋድ፤ የቱቦ መርማሪው ልሳኑ ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ እማማ ትሁኔ ደግሞ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ቱቦ ሲቀብር እዚሁ ናዳ ለተጫነው ልጃቸው ለደምሰው የቆመውን የብረት መስቀል ተደግፈው ይሟገታሉ።

ትሁኔ፦ ሁለት ሰዎች ነበሩ አልኩህ! በአርባው ማግስት፣ እኔ ከለቅሶው ድንኳን ሸራ ወዲያ ኩርምት ብዬ፣ እነሱ ከሸራው ወዲህ። አንዱ «ከቱቦው ጋር ይያያዝ፣ ጎርፍ አይነቅለውም» አለ። ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰለት ጠፋኝ። «ተው» ያለው ይመስለኛል። ለዘላለም ይቆማል ብለው ያቆሙትን አንተ ዛሬ መጥተህ ይቆረጥ ትለኛለህ?

ልሳኑ፦ እማማ፣ ይጣል አልወጣኝም። ከቱቦው ይላቀቅ ነው ያልኩት።

ትሁኔ፦ «ነቀልኩት እንጂ አልሰበርኩትም» አለ አሉ ጥርስ አውላቂው።

ልሳኑ፦ ይቀልዱብኝ፣ ግዴለም። ብቻ ይስሙኝ።

ትሁኔ፦ ከጠዋት ጀምሬ የማደርገው ምን ሆነና! ሰማያዊ ውሃ ያለበት ብልቃጥ አፈር ላይ ትተክላለህ፣ ሽቦ ትጎትታለህ፣ ከዚያች ሣጥን ቁጥር ታነባለህ። ጠንቋይ እንኳ ዶሮ ነው የሚጠይቀው። አንተ መስቀል ጠየቅህ።

ልሳኑ፦ ቱቦው አፈር ውስጥ ዝገት እንዳይበላው ትንሽ ኤሌክትሪክ እንልክለታለን። ሰው አይነዝርም፣ ብረቱን ይጠብቃል እንጂ። ሣጥኗ ከስምንት መቶ ሃምሳ በላይ ካለች ደህና ነው። ከወንዙ ጀምሬ እየለካሁ ስመጣ ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ስትል ቆየች። እዚህ ስደርስ አራት መቶ።

ትሁኔ፦ ታዲያ ልጄ ምን አደረገ?

ልሳኑ፦ እሱማ ምን ያደርጋል፣ ነፍሱን ይማረው። የመስቀሉ እግር ቱቦው ላይ ተበይዷል። ቱቦው የተቀባውን ሬንጅ ፍቀው ነው የበየዱት። ዙሪያውን ደግሞ ፌሮና ሲሚንቶ አለ። ለቱቦው የምንልከውን ያ ሁሉ ብረት ይጠጣዋል፤ ቱቦው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ትሁኔ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራዋ።

ልሳኑ፦ እጅዎን ይስጡኝ። ጎንበስ ይበሉ... እዚህ ይንኩት። ይሄ ደህናው ነው። አሁን ደግሞ እዚህ።

ትሁኔ፦ ውይ! እንደ አሮጌ ምጣድ ተቦርቡሯል።

ልሳኑ፦ ክረምቱን አይሻገርም። ሲፈነዳ ከተማው ውሃ ያጣል፣ ጎርፉም መስቀሉን ይዞት ይሄዳል።

ትሁኔ፦ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ እኮ። ዝገት እንዳይደርስበት ብዬ።

ልሳኑ፦ አይቻለሁ። ስፍቀው እንደ ሽንኩርት ነው ድርብ በድርብ የተላጠው።

ትሁኔ፦ እኔ ከላይ ስቀባ ከታች ሲበላ ኖሯላ።

ልሳኑ፦ እርስዎ በምን ያውቃሉ? እንዲያ አይበሉ።

ትሁኔ፦ ባልፈቅድስ?

ልሳኑ፦ ሰኞ መቆፈሪያ መኪና ይመጣል። እሱ እንደኔ ቆሞ አይለምንም። መቃብሩ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፣ ማንም...

ትሁኔ፦ መቃብሩ ዝም ይለኛል! እዚያ ስሄድ ድንጋይ ነው። እዚህ ግን ጆሮዬን መስቀሉ ላይ ስለጥፍ ውሃው ሲሄድ ይሰማኛል። ልጄ የቀበረው ቱቦ ነው፣ ልጄ ያመጣው ውሃ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እሱን እያዳመጥኩ ነው የኖርኩት። አታውቅም ነበር፣ አይደል?

ልሳኑ፦ አላውቅም ነበር።

ትሁኔ፦ ከተቆረጠ በኋላ ይሰማል?

ልሳኑ፦ መስቀሉ እኮ አይጣልም።

ትሁኔ፦ ጠየቅኩህ እኮ።

ልሳኑ፦ አይሰማም፣ እማማ። እዚሁ ፈንጠር አድርጌ በአዲስ መሠረት አቆመዋለሁ። ድምፁ ግን አይኖርም።

ትሁኔ፦ ትንሽ እንኳ አትዋሽም?

ልሳኑ፦ ለእርስዎ አልዋሽም።

ትሁኔ፦ እንግዲያው ሌላም ልጠይቅህ። ብየዳው የማን ነው?

ልሳኑ፦ የዚያን ጊዜ ብዙ በያጅ ነበር...

ትሁኔ፦ ደምሰው፣ «በያጅ የራሱን እጅ ያውቃል» ይለኝ ነበር፤ እንደ ጽሕፈት ነው ይለኝ ነበር። ከጠዋት ጀምረህ ፊትህን ከዚያ ብየዳ ላይ አልነቀልክም። በል አንብብልኝ።

ልሳኑ፦ የኔ ነው።

ትሁኔ፦ ድምፅህን ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስትል ነው የጠረጠርኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሌላው ምን ነበር ያለህ?

ልሳኑ፦ «ተው ልሳኑ፣ ቱቦው ላይ ብረት አይበየድም፣ ትጎዳዋለህ» አለኝ። አልሰማሁትም።

ትሁኔ፦ ልሳኑ! ደምሰው ቤት ሲመጣ ከአፉ የማትጠፋው?

ልሳኑ፦ ናዳው ሲወርድ እጁን ይዤው ነበር፣ እማማ። አፈሩ እስከ ደረቱ ደርሶ፣ እኔ ከላይ ተኝቼ። ጭቃ ነበረ፣ አዳለጠኝ። ተላቀቀኝ። በኋላ መስቀሉን ስናቆም፣ አሁንስ የማይለቀው ነገር ላስይዘው ብዬ ነው። ይኸው ያስያዝኩት ቱቦውን በላው።

ትሁኔ፦ ሃያ አንድ ዓመት ይህን ተሸክመህ አንድ ቀን እንኳ ደጄን አታንኳኳም?

ልሳኑ፦ በምን ፊቴ?

ትሁኔ፦ በዚሁ ፊትህ። እኔ እኮ የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻውን ነበር ብዬ ነው የኖርኩት። እጁን የያዘው ሰው ነበር ለካ።

ልሳኑ፦ አልለቀቅኩትም፣ እማማ። በሚካኤል! አዳልጦኝ ነው።

ትሁኔ፦ ሰማሁህ፣ ልጄ። ሰማሁህ። አሁን ዝም በል፣ አንዴ ላዳምጠው።

ልሳኑ፦ እስኪበቃዎት ድረስ።

ትሁኔ፦ ጆሮ መች ይበቃዋል... ይሄዳል። እየሄደ ነው። በል እንግዲህ፣ የብረት መጋዝህን አንሳ።

ልሳኑ፦ ከባድ ነው፣ ሲቆረጥ ይወድቃል። ሰው ልጥራ?

ትሁኔ፦ ማንንም አትጥራ። አንተ ከታች ቁረጥ፣ እኔ ከላይ እይዘዋለሁ።