የወፍ በሽታና የኮምቦልቻው ክርክር

ሰው ሲጨንቀው መንገዱን እንጂ መንገደኛውን አያይም። ሽማግሌው ገበሬ ጀማሉዲንም ያን ቀን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሆነው የሐርቡን መኪና ሲጠብቁ ዓይናቸውን ከኬላው አልነቀሉም። ልጃቸው ጣይባ ጥላ ሥር ጋቢ ለብሳ ተኝታለች፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ምግብ አልወርድ ብሏታል። ሐርቡ ላይ የሥር መድኃኒት የሚያጠጣ አዋቂ አለ ተብለዋል። የደርግ ወታደሮች ፍተሻ መኪናውን ባያዘገየው ኖሮ እስካሁን ጠጥታ ነበር።

አጠገባቸው የደሴ መኪና የምትጠብቅ ወጣት ነበረች። አረጋሽ ትባላለች፤ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የተባለው ሰፈር ልጅ ናት፤ እዚያው ደሴ ሐኪም ቤት ነርስ ሆና ትሠራለች። ጣይባን አይታ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባቴ፣ ልጅዎን ምን ነካብዎት?»

«የወፍ በሽታ ነው ልጄ። የሌሊት ወፍ በላይዋ በርሮ ይሆናል።»

«ከእኔ ጋር ደሴ ብንወጣስ?»

«አላህ ይጠብቀን። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም። ወንድሜን ሙሄዲንን ተሸክሜ ሐኪም ቤት አስገብቼ፣ መርፌ በተወጋ ማግስት ነው የቀበርኩት።»

ያገራችን የተማረ እዚህ ላይ ከት ብሎ ይስቃል፤ ሽማግሌው ይቀየማል፤ በሽተኛው በመሐል ያልቃል። አረጋሽ አልሳቀችም።

«ስለ መርፌ የሚሉት ከንቱ አይደለም» አለች። «ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር የመንደር ወጊ መርፌ ይህንኑ በሽታ በደም ያሻግራል። ምላጭም እንዲሁ። የበሽታው ሌላው ዓይነት ደግሞ ዓይነ ምድር በነካው ውሃ ይመጣል። ወፏ ግን ያለ ጥፋቷ ነው የምትታማው።»

ጀማሉዲን ሳያስቡት ፈገግ አሉ። የተማረ ሰው አንድ ነገራቸውን እንኳ እውነት ነው ሲልላቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ስለዚህ ጆሯቸውን ሰጧት።

«እንግዲያስ ቢጫው ከየት መጣ?»

«ከጉበት ነው። የበላነው የጠጣነው ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፤ የሚጠቅመውን ታስቀራለች፣ መርዙን ታጠፋለች። ስትታመም ሐሞቱ ከደም ጋር ይቀላቀላል፤ ዓይኑም ሽንቱም ቢጫ ይሆናል።»

«ታዲያ ሥሩ ጠራርጎ ያወጣዋላ።»

«በሬዎ ቢያነክስ ያርሱበታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። አሳርፈዋለሁ እንጂ።»

«ጉበትም እንደዚያው ናት። ያ መራራ ሥር የሚያርፈው እሷው ላይ ነው፤ ታማ ሳለች ሸክም ትጨምሩባታላችሁ።»

ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ጠጥተው የዳኑ ግን አውቃለሁ» አሉ።

«አዎን። ብዙው ሰው ዕረፍትና ምግብ ካገኘ በራሱ ይድናል፤ ምስጋናውን ሥሩ ይወስዳል። ያልቻለው ሲሞት ደግሞ ወቀሳውን መርፌው ይወስዳል። ወንድምዎ ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ምን ጠጥቶ ነበር?»

ጀማሉዲን ወደ ኋላ አሰቡ። ሙሄዲን ሥሩን ደጋግሞ ጠጥቶ፣ አስመልሶ አስመልሶ ራሱን ከሳተ በኋላ ነበር ቤተሰቡ ወደ ሐኪም ያመጣው። መርፌው ያገኘው ያለቀ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱንም ነገር ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አገናኝተውት አያውቁም። እንባቸው መጣ።

«ጠጥቶ ነበር። እኛው ነን ያጠጣነው።»

«በፍቅር ነው አባቴ። ያላወቀ አይወቀስም።»

ያኔ የሐርቡ መኪና ደረሰ። ጀማሉዲን ሹፌሩን፣ «ሂድ ወንድሜ፣ እኛ ወደ ላይ ነን» አሉት። ዕድሜ ልኩን ያመነበትን ነገር እውነት ስትመጣ የሚለቅ ሰው፣ ጀግና ማለት እሱ ነው።

ደሴ ላይ የጣይባ ደም በተቀቀለ መርፌ ተወስዶ ተመረመረ። ሐኪሙም ዕረፍትና በቂ ምግብ አዘዘ፤ ሥር በአፏ እንዳይገባ ከለከለ። አረጋሽ ከቤቷ አጥሚት እያመላለሰች ጠየቀቻት። የልጅቷ ዓይን ቀስ በቀስ ጠራ።

አገራቸው ሲገቡ ጎረቤት ተሰበሰበ። በሺር የተባለው ጎረቤታቸው፣ «ለመሆኑ ምን አጠጧት?» ብሎ ጠየቀ።

«መድኃኒቱስ የእኛን መድኃኒት መተው ነበር» አሉ ጀማሉዲን። «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ለሶላት እንደምትታጠቡት ሁሉ ለምግብም ታጠቡ። ምላጭ አትዋዋሱ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካያችሁ ሥር ሳትነኩት ሐኪም ዘንድ አድርሱት።»

ዱአ ተደረገ፤ ሁሉም ለጣይባ አሚን አለ። ጀማሉዲን ግን እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ለሙሄዲንም ጨምሩልኝ» አሉ። «ያኔ እንዲህ ያለች ልጅ መንገድ ላይ ብናገኝ ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ አሚን ባይ እሱ ነበር።»