የተማሪ ቡና ሲቀላ

በካፋ ምድር ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቀው ዝናብ ነው። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ማንኪራ መንደር የሚኖር ወዳጄን ጠይቄ በእግሬ ወደ ቦንጋ ስመለስ ዶፍ ወረደብኝና ከመንገዱ ዳር ወዳለ ወፍጮ ቤት በረንዳ ሮጥኩ። እኔ መምህር ነኝ፤ ሰው ቢሰድበኝ ዝም እላለሁ፣ ጫማዬ ጭቃ ሲነካው ግን ቁጣዬ አይጣል ነው። በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተጠልለዋል። አንደኛው ጋሽ ጣሰው ናቸው፤ ማንኪራ ቡና የሚለቅሙ፣ ንብም የሚያረቡ የተከበሩ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ የጎረቤታቸው ልጅ ሰሎሜ ናት፤ ቦንጋ ኮሌጅ ትማራለች። ጋሽ ጣሰው ብብታቸው ሥር ባዶ ጆንያና የተጠቀለለ ገመድ ሸጉጠዋል።

በአገራችን ሰላምታ ካለቀ በኋላ የሰውን ጉዳይ መጠየቅ ወግ ነውና፣ «በዚህ ዝናብ ጆንያና ገመድ ይዘው ወዴት ነው ጋሽ ጣሰው?» አልኳቸው።

«የልጄን ፍራሽ ላመጣ ነው መምህር» አሉኝ። «ሔርሜላ ቦንጋ ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። የመንፈቁን ውጤት አየሁት። አበቃ! ጭንቅላቷ ለትምህርት አልተፈጠረም። ቤቷ ገብታ እናቷን ታግዝ።»

ሰሎሜ ክው አለች። «ጋሼ፣ ሔርሜላ? ታች ክፍል ሳለች በየዓመቱ ስትሸለም እኔ ነበርኩ እኮ የማጨበጭበው!»

«እሱ ድሮ ቀረ። አሁን ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርታ እንደምታጠና አከራይዋ ነግረውኛል። ሌሊቱን ሙሉ አጥንታ ከወደቀች ሌላ ምን ሰዓት ልፈጥርላት?»

«ቀን ቀንስ ምን ትሠራለች?» አለች ሰሎሜ።

ጋሽ ጣሰው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ልጄ ሰው አክባሪ ናት! ከትምህርት ቤት ስትወጣ የታመመች አክስቷን ትጠይቃለች። የመሬቴን ጉዳይ ቢሮ እየተመላለሰች ትከታተልልኛለች። ለላሚቱ መድኃኒት ትገዛለች። ለቅሶ ሲኖር በእኔ ስም ትደርሳለች። በገበያ ቀንማ የማንኪራ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚያርፈው፤ ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ከመሸበትም ያድራል። ጎረቤታችን አልጋነሽማ የገዛ ቤቷ ነው የሚመስላት!»

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ዝናቡ ዞርኩ። ሰውየው የልጃቸውን በሽታ አንድ በአንድ እየዘረዘሩ እንደ ሙገሳ ነበር የሚናገሩት። ሰሎሜ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት፤ አልሳቀችም።

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ እኔም የመጀመሪያ ዓመት ላይ እንደ ሔርሜላ ነበርኩ» አለች። «ሌሊት መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ አድርና ቀን ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። ውጤቴ ሲመጣ አለቀስኩ። አንዲት መምህርት ጠሩኝና 'ምን ላይ መድረስ ነው የምትፈልጊው?' አሉኝ። 'እንጃ' አልኳቸው። 'እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ቁረጪ' አሉኝ። 'ከዚያ ዘንድሮ የሚደረስበትን ለዪ፤ ከዘንድሮው ደግሞ የዚህን ወር፣ ከወሩም የዚህን ሳምንት። ለጥናት የመደብሽውን ሰዓት ግን እንግዳም፣ ስልክም፣ ስንፍናም እንዳይነኩብሽ።' አሁን ማለዳ አእምሮዬ ሳይደክም ከባዱን አጠናለሁ፤ ከሰዓት ቀለል ያለውን። ሌሊት እተኛለሁ። ዘመድ የምጠይቅበትም ቀን አለኝ፤ ይኸው እናቴን አይቼ መመለሴ ነው።»

«ጊዜ የእግዚአብሔር ነው!» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ሰው እንደ ዳቦ ይቆራርሰዋል እንዴ? ደግሞስ በር ላይ የቆመን ዘመድ 'ሰዓትህ አልደረሰም' ልትለው ነው? ነውር ነው ልጄ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ሲባል አልሰማሽም?»

እዚህ ላይ አፌን በላኝ። መምህር ሁለት ሰው ሲከራከር ካየ ጠመኔ ይናፍቀዋል። ዝም በማለቴ ግን ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ልጅቷ ከእኔ የተሻለ መንገድ ነበራት።

«የእግዚአብሔር መሆኑን አልክድም» አለች በትሕትና። «የእሱ ስለሆነም ነው ማባከኑ የሚያስፈራኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ላይ ሳሉ ዘመድዎ መጥቶ 'ተነስ፣ ገበያ አድርሰኝ' ቢልዎትስ?»

«እብድ ካልሆነ ማን ይለኛል? በለቀማ ጊዜ ሰው ሰውን አይጠራም። ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይረግፋላ!»

«ታዲያ ዘመድ አይቀየምም?»

«ለምን ይቀየማል? ለቀማው ሲያልቅ እኔው ማር ይዤ እሄድለት የለ!»

«ለተማሪም ለቀማ አለው ጋሼ» አለች ሰሎሜ። «ችግሩ የተማሪ ቡና ሲቀላ ከውጭ አይታይም። ደብተር ይዛ የተቀመጠች ልጅ ሥራ የፈታች ስለምትመስል ሁሉም ይልካታል። ፍሬው ግን እየረገፈ ነው።»

ጋሽ ጣሰው በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ዝናቡ እያባራ ነበር።

«ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ የሚሸመጥጥ ለቃሚ አለ» አሉ በመጨረሻ። «እጁ አያርፍም፣ ቅርጫቱም ቶሎ ይሞላል፤ ገበያ ሲያወጣው ግን ዞሮ የሚያየው የለም። ልጄ ሌሊት ሌሊት የምትለቅመው እንደዚያ ነው ማለት ነው?»

«ከአፌ ነጠቁኝ! ምን መሆን እንደምትፈልግስ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ሰው መሆን ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ሦስታችንም መንገድ ቀጠልን። ጆንያውን አልጣሉትም። ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳላይ ቤቴ ብገባ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስለማውቅ፣ ጫማዬን ረስቼ እስከ ሔርሜላ ቤት ተከተልኳቸው።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ የማር ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ከአልጋው እግር ጋር ሁለት ዶሮዎች ታስረዋል። አልጋው ላይ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ያንኮራፋሉ። ሔርሜላ ግን በር ላይ፣ ጠፈጠፉ ቀሚሷን እያረጠበው፣ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንቅልፍ ጥሏታል።

በኮቴያችን ነቃች። አባቷን አየች፤ ቀጥሎ ጆንያውን፣ ቀጥሎ ገመዱን።  ወደ ውስጥ ገባችና እንባዋን እየዋጠች፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ፍራሹን ልጠቅልለው ነው» እያለች ከእትዬ አልጋነሽ ሥር መሳብ ጀመረች። 

«ተይው!» አሉ ጋሽ ጣሰው። ድምፃቸው ሰለል ብሎ ነበር። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ ልጄ። ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች። «የእንስሳት ሐኪም» አለች። «ለላሚቱ መድኃኒት ልገዛ ስሄድ ሐኪሙ ሲሠራ እያየሁ፣ እኔም ይህን እችለዋለሁ እላለሁ።»

ጋሽ ጣሰው ጆንያውን ከፈቱ። የማሩን ቆርቆሮ ሁሉ አንድ በአንድ ከተቱበት። በገመዱ ዶሮዎቹን አሰሩ። «አልጋነሽ፣ ተነሺ! የለገሰ ሱቅ ጓዳው ሰፊ ነው፣ ዘመዳችንም ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማንኪራ ዕቃ እዚያ ይቀመጣል። የመሬቱንም ጉዳይ እኔው እከታተላለሁ፤ እግር አልጠፋኝም።»

«ምነው፣ ልጅቷን አመማት እንዴ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ ዓይናቸውን እያሹ።

«ቡናዋ ቀልቷል!»

እትዬ አልጋነሽ የቡና ዛፍ ፍለጋ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ሲቃኙ፣ ሔርሜላ ሳትቀር ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። አመሻሹ ላይ ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው መጀመሪያ የዓመቱን ግብ፣ ከዚያ የሳምንቱን ውሎ ሲመድቡ ትቻቸው ወጣሁ።

ውሎ አድሮ የሆነው ይህ ነው። ሔርሜላ ሌሊት መተኛት ስለጀመረች ክፍል ውስጥ ነቃች፤ በዓመቱ መጨረሻም አባቷ ሰርተፍኬቱን ለማንኪራ ሰው ሁሉ እየዞሩ አሳዩ። አክስቷ አልተቀየሙም፤ ድሮ በሩጫ ገብታ የምትወጣው ልጅ አሁን እሑድ እሑድ አብራቸው ትውላለች። የመሬቱም ጉዳይ አለቀ፤ ሽበት ያየ ሹም ቶሎ ይፈርማል መሰለኝ። ወላጅም ብንሆን ጎረቤት፣ ደብተር የያዘ ልጅ ስናይ «ሥራ ፈቷል» ብለን ከመላካችን በፊት ለቀማ ላይ እንዳይሆን እንጠይቀው። ተማሪውም ራሱ የሚለቅመውን ይወቅ፤ ሰዓቱን የማያከብር ልጅ ሰዓቱን የሚያከብርለት አያገኝም።

ፍራሹ ሳይጠቀለል በቀረ ሰሞን፣ በሌላ የገበያ ቀን በሔርሜላ ቤት በኩል ሳልፍ፣ ጋሽ ጣሰው ማር በቅል ይዘው ከተዘጋው በር ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ካፊያው ትከሻቸውን አርሶታል።

«ምነው አይገቡም ጋሽ ጣሰው?» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በል መምህር! እየለቀመች ነው።»