ኡስማን በሩ ላይ የለጠፈው ዕቅድ

ይህን ያጫወተችኝ የልብስ ሰፊው የኡስማን ሚስት ሰዓዳ ናት፤ የቀረውን ደግሞ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ራሴ ሰምቻለሁ። እና እናንተዬ፣ በእኛ ጊዜ ሰው ያሰበውን በሆዱ ይዞ ነበር የሚሠራ። አሁን በር ላይ ይለጠፋል!

ኡስማን መንሱራ ሰፈር ለነጋዴ ሥልጠና ይሰጣል ሲሉት ሄደ። ሲመለስ አንገቱን አቅንቶ፣ «ሰዓዳ፣ ግብ የሌለው ነጋዴ መሪ የሌለው መኪና ነው። ግባችሁን ሁልጊዜ የምታዩት ቦታ ለጥፉ ብለውናል» አላት። ታዲያ የት ለጠፈው? የሱቁ በር ላይ! በትልቁ፣ በዐረብኛ፣ «ዘንድሮ ለበሳቲን ሴት ልጅ ሁሉ የኢድ ቀሚስ» ብሎ፤ ለሰፈራችን በሙሉ ማለት ነው።

ደግሞ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን ሸጦ፣ የሰዓዳን የወርቅ አምባር ጨምሮበት፣ በከህርባ፣ በመብራት ማለቴ ነው፣ የሚሠራ አዲስ ገዛ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኢድ ሲደርስ አምባሬ እጄ ላይ ካልተመለሰ ሁጀይፍ ሰፈር ወንድሜ ቤት ነኝ» አለችው።

«ኢንሻአላህ፣ እሱም ዕቅዱ ውስጥ አለ።»

እኔም፣ «ልጄ ኡስማን፣ ከህርባውስ ዕቅድህ ውስጥ አለ?» አልኩት። የእኛን አገር መብራት ታውቁታላችሁ፣ እንደ ኩሩ እንግዳ ብቅ ይልና ሳይቀመጥ ይሄዳል። «እማ ሩቂያ፣ ክፉ አታስቢ፤ አሠልጣኙ ክፉ ከሚያስብ ሰው ራቁ ብሎናል» አለኝ። ራቀኝ እንግዲህ፣ በስስ ግድግዳ!

ረመዳን ገባ። ጨረቃዋ ስትሞላ ልብስ ሰፊ ሁሉ «ኸላስ፣ በቃኝ» ብሎ ትእዛዝ መቀበል ያቆማል። ኡስማንም «ኸላስ» ሊል አፉን ሲከፍት አንዷ ሶማሌ ልጇን አንጠልጥላ ከች።

«በርህን አንብብ እስቲ! ሴት ልጅ ሁሉ ይላል። ይቺ ወንድ ናት?»

ተቀበለ። ከኋላዋ ጎረቤቷ፣ «የእኔዋስ የሁጀይፍ ናት?» አለች። ተቀበለ።

«ወረቀቱን ቅደደው!» ትላለች ሰዓዳ።

«ግብ አይቀደድም!» ይላል እሱ።

ታዲያ ከህርባው ሲሄድ መኪናው ጭጭ፣ ሲመጣ ኡስማን ከኢፍጣር ላይ ዘሎ ሩጫ። ክር ለመቀየር፣ ሞዴል ለማማረጥ ጊዜ ሲያጣ ምን አደረገ? አረንጓዴ ጨርቅ በጥቅል አምጥቶ፣ ሁሉንም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ነጭ ኮሌታ ሰፍቶት ቁጭ!

ኢድ ነጋ። ያ ሰላም! መንደሩ በሙሉ አረንጓዴ! እናቶች ከሶላት ሲመለሱ የየራሳቸውን ልጅ መለየት አቃታቸው። ያቺ ሶማሌ የሌላ ሰው ልጅ እየጎተተች ቤቷ ደርሳ፣ ልጅቷ «እናቴ አይደለሽም!» ብላ ስትጮህ ነው የነቃችው። ከዚያ ሁሉም ሱቁን ከበቡት፤ ስድቡን አልነግራችሁም። ኡስማን ከጨርቁ ክምር ኋላ፣ ሰዓዳ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፍ ላይ።

እና አንድ ባለመነጽር ሰው ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባ። መንሱራ ያለ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው አሉ።

«የየትኛው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው ይሄ? አንዱ ከአንዱ አይዛነፍም! ማን ሰፋው?»

ኡስማን ከክምሩ ኋላ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ፤ በዕቅድ ነው የሠራሁት» አይል መሰላችሁ! ሰዓዳ እንኳ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ዛሬ ኡስማን ለዚያ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብቻ ይሰፋል፤ ከህርባው ለሚሄድበት ቀን የእግር መኪናም መልሶ ገዝቷል። የሰዓዳ አምባር ቀጠን ብሎ ተመልሷል፤ ሁጀይፍ የምትሄደው ለዘመድ ጥየቃ ነው። ሶማሌዋ ለልጇ ቀይ ጥብጣብ ታስርላታለች። ወረቀቱን ፍየል በላችው።