ቡሉኮ የለበሰው አንቀልባ

ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆች፤ ይሄን ማውራት ለኔ ዕድሜ አይገባም። ሽማግሌ የራሱን ጉድ አደባባይ አያሰጣም። ግን ቅድም «ወንድ ልጅ ቢያዝል ምን አለበት?» ስትባባሉ ሰማሁና ለትምህርት ይሁናችሁ ብዬ ነው። ወላሂ ለሌላ አይደለም።

በእኛ ጊዜ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ እኔ ሮቤ ላይ ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ የተጣላ የማስታርቅ ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌም ነበርኩ። እና የጃርሳ ሥራው ምንድን ነው? ያልጠየቀውን ሰው መምከር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከጎጃም የመጣ መምህር፣ ጌታቸው የሚሉት፣ ልጁን በአንቀልባ አዝሎ ቲማቲም ሲመርጥ አየሁትና ገበያው መሀል አቆምኩት።

«አንተ መምህር! በአገራችሁ ወንድ ያዝላል እንዴ?»

«ባለቤቴ ታማ ጤና ጣቢያ ተኝታለች አባባ፤ ለማን ልስጠው?»

«ለጎረቤት ስጥ! ለዛፍ ስጥ! ብቻ ከጀርባህ አውርድልን፤ ጎረምሶቻችን ያዩሃል!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ አገር ያዳንኩ መሰለኝ። መምህሩ ጠፍሩን ጠበቅ አደረገና ቲማቲሙን ይዞ ሄደ።

ወር አልሞላም። ደሎ መና ያገባችው ልጃችን ወባ ይዟት «ሕፃኗን ወደ ደጋው ውሰዱልኝ» ብላ ላከች። ሕፃኗ ስምንት ወሯ ነው፣ የላም ወተት ጀምራለች። እና እኔና ባለቤቴ ፋጡማ ሄደን፣ ይዘናት በቅጥቅጡ ስንመለስ፣ ሐረና ጫካ ዳገቱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ «ውረዱ! እስከ ኬላው በእግር!» አለ። ፋጡማ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል።

«አባ ጀማል፣ እዘላት» አለችኝ።

«እኔ?»

«የለም፣ ሾፌሩ።»

«ፋጡማ፣ እኔ ጃርሳ ነኝ!»

«ጃርሳ ጀርባ የለውም? ቡሉኮህን ከላይ ጣል አድርግበት፤ ማን ያይሃል?»

ታዲያ ልጃችን ከሕፃኗ ጋር የሰጠችንን ባለ ዛጎል አንቀልባ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ልጅቷም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ቡሉኮዬን ደርቤ፣ ጎብጬ፣ ሰው ሳይደርስብኝ ልለፍ ብዬ ፋጡማን ከኋላ ትቻት ዳገቱን ወጣሁ።

ኬላው ላይ ፈታሽ ቆሟል። ያኔ ቡና ያለ ወረቀት ማሳለፍ ክልክል ነው። ሴቶቻችን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፣ ቡናውን በአንቀልባ አዝለው «እሹሩሩ» እያሉ ያልፋሉ። ፈታሹ ይሄን ካወቀ ወዲህ ሕፃን ባየ ቁጥር ያሸታል።

«አባባ፣ ጀርባዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ዞር ስል ተሳፋሪው ሁሉ ደርሷል። ከፊት የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መምህር ጌታቸው! ለካ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ኖሯል፣ አላየሁትም።

እና ምን አልኩ? እስቲ እናንተ ብትሆኑ? ስሜ ነው፣ ክብሬ ነው! ታስሮ የወጣ ጃርሳ አይቻለሁ፤ ልጅ ያዘለ ጃርሳ ግን አላየሁም።

«ቡና ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ቡና! ኮንትሮባንድ! እሰረኝ!»

ፈታሹ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። «ሁሉም ልጅ ነው ሲለኝ እርስዎ ብቻ እውነቱን ተናገሩ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጆንያ የሚወጋባትን ሹል ብረት አነሳ። «እስቲ ፍሬውን ልየው።»

ያ ረቢ! «ቁም! ልጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አሁን ደግሞ ልጅ ሆነ?»

«ወላሂ ልጅ ነው! የልጄ ልጅ ናት! ዘምዘም ትባላለች!»

«ቡናዎ ስምም አለው?» ብረቱ ቀረበ።

ታዲያ ያን ጊዜ ክብር የታባቱ! ቡሉኮዬን ገፍፌ ጭቃው ላይ ወረወርኩት፣ እዚያው ዞር ብዬ ጀርባዬን ለሕዝብ አሳየሁ። ዘምዘም ነቃች፤ ፈታሹን አየችው፣ ብረቱን አየችው፣ አስነጠሳት። ከዚያ ሳቁ! አይ ሳቅ! የሐረና ጉሬዛ ሳይቀር ሳቀብኝ።

መምህሩ ብቻ አልሳቀም። መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። አሁን «ለዛፍ ስጡ» ሊለኝ ነው ስል፣

«አባባ፣ ጠፍሩ ላልቷል፤ ትወድቅብዎ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። በትከሻዬ አዙሮ አጠበቀልኝ፣ ቡሉኮዬንም ከጭቃው አንስቶ አራገፈልኝ። ልጆች፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋጡማ እያነከሰች ስትደርስ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት «እሹሩሩ» እያልኩ ስወዛወዝ አገኘችኝ።

«ጀርባህን አገኘኸው?» አለች።

እና እኔ ዛሬም ወንድ አያዝልም ነው የምለው፤ አቋሜን አልቀየርኩም። ዘምዘምን እስክትራመድ ድረስ ሮቤ ገበያ አዝያት የዞርኩት ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ጎባ ድረስ የወሰድኳትም እንደዚያው። ብቻ ይሄን ነገር ለማንም አታውሩ፤ ለዘምዘምማ በፍጹም። ነገ አራስነቷን ጨርሳ ልጇን ይዛ ትመጣለች። አያቷ አንቀልባውን ከሳጥን አውጥቶ ቆዳው እንዲለሰልስ ቅቤ ሲቀባ ሰነበተ ብላችሁ ብትነግሯት፣ የኔ ጃርሳነት አበቃ። አደራ!