አፏ በድንጋይ የተሞላው ቀንድ አውጣ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓዶች፣

ይህን የስንብት ድግስ ያሰናዳችሁልኝ የምርምር ጣቢያችን ሠራተኞች ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ። ወጥ ቤቱን ይዘሽ የዋልሽው አሰለች፣ አንቺ ደግሞ እጥፍ ይድረስሽ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም። እስከ ዛሬ ብዙ ያወራሁት ከጭቃና ከወንፊት ጋር ነው። ጭቃ ሲሰለቸው አያዛጋም። እናንተን ግን እያየኋችሁ ነው።

እዚህ ስቀጠር ፊደል የማውቀው ከመሠረተ ትምህርት ብቻ ነበር። የቀረውን ያስተማረኝ ድንጋዮቻችን ተጠቅልለው የሚመጡበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። የስንቱን ወሬ መጀመሪያ አንብቤ፣ መጨረሻው ሌላ ድንጋይ ጠቅልሎ ሄደብኝ!

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ያችን ቀንድ አውጣ ነው። ለማታውቋት እንግዶቻችን ልንገራችሁ። ከአሸተን ማርያም በታች ካለው ነጭ አፈር አጥበን ያወጣናት፣ ድሮ ውሃ ውስጥ የኖረች፣ ዛሬ ድንጋይ የሆነች፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ናት። ወገኗ አልታወቀም። የሚለያት አፏ፣ የቅርፊቷ ቀዳዳ ነው። ክብ ከሆነ ከታወቁት ጋር ትመደባለች፤ ሞላላ ከሆነ አዲስ ዝርያ ናት፣ የላስታን ስም ትይዛለች። የእሷን ዓይነት ካገኘናቸው ውስጥ አፏ ያልተሰበረባት አንዷ ብቻ ናት። የእሷም አፍ በድንጋይ ተሞልቷል።

መሪጌታ ገብረመስቀል አንድ ቀን ሊጎበኙን መጥተው በአጉሊ መነጽር አዩዋት።

"አፏ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነው፣ የኔታ።"

"አፏ በድንጋይ ተወትፎ ነው እንዴ ስሟን የምትጠይቋት?"

ሳቅን። ለአለቃችን ለወልደ ሩፋኤል ግን ቀልድ አልነበረም። የዓመታት ድካሙን አዲስ አበባ ወስዶ ባለሙያዎች ፊት የሚያቀርበው በዚህ ወር ነው። አዲስ ዝርያ ይዞ መቅረብና "አጠራጣሪ" ብሎ መቅረብ አንድ ነው?

እኔም ሥራዬን ትቼ ጠቅልዬ ፍላቂት ከተማ ልጄ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ቁርጡን ማወቅ አማረኝ። በተሰበሩት ላይ ሞክሬ ነበር፤ ድንጋዩ ሲወጣ ቅርፊቱም አብሮ ረገፈ። ቢሆንም የላሊበላ ሰው አለት መፈልፈል ይፈራል? ባለፈው ሳምንት ሙሉዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መርፌዬን አነሳሁ።

ወልደ ሩፋኤል እጄን ያዘኝ።

"እትዬ ትሁን፣ ይተዉዋት።"

"ወገኗን ሳላውቅ ልሂድ?"

"እኔስ ሳላውቅ አይደል የምሄደው? ከተሰበረች ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ምን ያያል?"

"አዲስ አበባ ምን ልትላቸው ነው?"

"አላውቅም እላቸዋለሁ።"

"ቢስቁብህስ?"

"ይሳቁ። ሳቅ እሷን አይሰብራትም።"

መርፌዬን አስቀመጥኩ። ትናንት ብልቃጧ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስም በሚገባበት ቦታ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። አሰለች "አልቆጨሽም?" አለችኝ። ትንሽ ቆጭቶኛል። ግን ሙሉ ሆና ብልቃጧ ውስጥ ስትቀመጥ ሳያት፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ወልደ ሩፋኤል፣ መንገድህን ያቅናልህ፤ የሚያዳምጥህ ሰው አይጥፋብህ። አሰለች፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ለሁላችሁም ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ለዚህ ጣቢያ ከእኔ የተሻለ እጅ፣ ከመርፌ የተሻለ መሣሪያ ያምጣለት። ያቺም ትንሽ አፏን የምትከፍትበት ቀን ሲመጣ ፍላቂት ድረስ ላኩብኝ። ክብ ቢሆን አይከፋኝም። ሞላላ ከሆነ ግን እልልታዬ እዚህ ድረስ ይሰማችኋል።