ለእንግዳ የተቀመጠው ቱቦ

የምስክር ቃል

ምስክር፦ የታካሚው ታላቅ እህት
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ግቢ፣ ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ስለተጠየቅሁት ጉዳይ ያየሁትን እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ደም ስላስመለሰው ሆስፒታል ወስጄው ተኛ። ቀና ባለ ቁጥር ራሱን ስለሚስት ወደ ምርመራ ክፍል መውሰድ አልተቻለም። ነርሷም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ እዚሁ አልጋው ላይ በአፉ ገብቶ ጨጓራውን እንደሚያሳይ፣ ለአንድ ሰው አንዴ አገልግሎ እንደሚጣል አስረዳችኝ። ደስ አለኝ።

አራት ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ እንደ ሙሽራ ታጅቦ ገባ። ቃሌን የሚቀበለው መርማሪ ኃላፊውን በአክብሮት እንድጠራ ቢያሳስበኝም አልጠራም፤ አንቱታ የሚሰጠው ለሰው ነው። መጀመሪያ አጠገባችን የተኙትን ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሽማግሌ በቱቦው መረመረ። ሲጨርስ ነርሷ ቱቦውን የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጣለችው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። ነርሷ አዲስ ቱቦ ስትጠይቀው፣ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን በቁምሳጥኑ መስታወት እየታየ፣ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ እያለ፣ «እሱ ለሐሙስ እንግዶች ነው» አላት። እንግዶች የተባሉት ክፍሉን ሊጎበኙ የሚመጡ አለቆች ናቸው። እኔም ቤት ለእንግዳ የማስቀምጠው ብርጭቆ አለ። ወንድሜ በውኃ ጥም ሊሞት ሲል ግን ብርጭቆው የእንግዳ ነው አልልም።

ጎንበስ ብሎ የተጣለውን ቱቦ ከከረጢቱ አወጣና በአልኮል ጥጥ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ነርሷ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሽማግሌው ላይ የገባ ነው» ስትለው «አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ጮኸባት። ተማሪዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር፤ እነሱም ነገ ሐኪም ሊባሉ ነው። እኔ ተው ብዬ እጁን ያዝኩት። «እማማ፣ ወንድምሽ እየደማ ነው፤ ልተወው?» አለኝ። ዕድሜው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ምን አባቴ ላድርግ? የወንድሜ ከንፈር ነጭ ሆኗል። ለቀቅኩት። ቱቦውን አስገብቶ ቁስሉን አገኘ፣ መድኃኒት ታዘዘ፣ ደሙም በማግስቱ ቆመ።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሌላ ሐኪም ጠርቶን በሽማግሌው ደም ውስጥ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ እንደተገኘ ነገረን። ኃላፊው ወዲያው «ነርሷ ከቆሻሻ አውጥታ አቀበለችኝ፤ እኔ አላወቅሁም» ብሎ ከሰሳት፤ እሷም ከሥራ ታገደች። ትናንት ከሆስፒታል ስንወጣ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ጠብቆ «ነርሷ ናት ብትዪ ይበቃል፤ ወንድምሽ እኮ ተርፏል፣ ምን ጎደለብሽ?» አለኝ። እንዴት ያለ ዓይን አውጣ ነው! ሐኪምነቱ ይቅርና የሸሚዝ ቁልፍ ትከልልኝ ብዬ አልሰጠውም። ከቆሻሻ ያወጣውም፣ ያስገባውም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋውን ውስጥ አይሆንም ያለችው ነርሷ ብቻ ናት።

ወንድሜ ቫይረሱ ይያዘው አይያዘው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ምርመራው ሲደገም ነው ተብሏል። ትናንት ማታ ትንሿ ልጁ ሮጣ ስትጠመጠምበት፣ በመሳም አይተላለፍም ተብሎ ተነግሮት እንኳ ፊቱን አዞረባት። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ብላ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት የቀረ ልብሱን ልወስድ ክፍሉ ስገባ ካርቶኑ ከነማሸጊያው እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሐሙሱ እንግዶች አልመጡም።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ያላልኩት አልተጨመረበትም። መርማሪው ስለ አንቱታ የተናገርኩት ይሰረዝ እንደሆነ ጠይቆኝ፣ ይቆይ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________